«ግንቦት 1 ጀምሪ» ብለው በር ላይ መለሱኝ

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁት ቬንትሌተሬን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ነው። ደብረ ብርሃን ለሚገባ ሰው ቬንትሌተር ምን ያደርግለታል? በምትኩ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዛሁ። አራት ዓመት የሠራሁበትን የጅምላ ንግድ ቤት በሰላም ተሰናበትኩ። ዕቃዬን በአይሱዙ ጭኜ፣ የደብረ ሲናን ዳገት ወጥቼ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፌ ደጋ ገባሁ። በአራተኛው ቀን አዲሱን ሥራ ልጀምር ነበር። አልጀመርኩም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን ሌላ ቦታ እየሠራሁ ነው፤ ደህና ነኝ። ግን የእኔን የመሰለ ታሪክ ደጋግሜ እሰማለሁ። ከመሐል ሜዳም፣ ከዓለም ከተማም፣ ከአረርቲም ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። «አልፈሻል» ተብሎ የተጠራ፣ የያዘውን ለቅቆ የመጣ፣ ከዚያ «ቅጥሩ ቀርቷል» የተባለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። «ገና አልተቀጠርኩ፣ ምን መብት አለኝ?» ይላል። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ብዬ ነበር። ያ ሦስት ሳምንት እስካሁን ይቆጨኛል።

ማስታወቂያውን ያየሁት የካቲት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ የስቶር ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ተመዘገብኩ፤ የጽሑፍ ፈተና ተፈተንኩ፤ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። መጋቢት 22 ስልክ ተደወለልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ አንደኛ ወጥተሻል። ግንቦት 1 ትጀምሪያለሽ» አለኝ የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ። ደመወዙ 9,500 ብር። እዚያ የነበርኩበት 6,200 ነበር። እናቴ ስትሰማ እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ደብዳቤውን በቴሌግራም ላኩልኝ። በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። ያንን ፎቶ አሁንም አልሰረዝኩትም፤ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከላይ የድርጅቱ አርማ አለ። «ቀን» ከሚለው ፊት ቀኑ ተሞልቷል። «ቁጥር» ከሚለው ፊት ግን ነጠብጣቡ ብቻ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ከታች ፊርማ አለ፤ ማኅተም የለም። የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የሚመታበት ቲተርም የለም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ፎቶውን ያነሳው ሰው አውራ ጣት ይታያል። እኔ ያን ቀን ያነበብኩት ደመወዙንና «ግንቦት 1» የሚለውን ብቻ ነው።

እባካችሁ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከደመወዙ በፊት ቁጥሩን እዩ። የወጪ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አልወጣም ማለት ነው። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ገና «ሰጥቻለሁ» አላለም። ይህ ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በኋላ እንደምነግራችሁ ያው ፎቶ ትልቅ ዋጋ ነበረው። ግን ሥራ ለመልቀቅ የሚበቃ ወረቀት አልነበረም።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ፎቶውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ካዩት በኋላ ሁለት ነገር መከሩኝ። «ልጄ፣ በስልክ እሺ ያልሽው ነፋስ ይወስደዋል። ተቀብያለሁ ብለሽ ጻፊላቸው። ሁለተኛ፣ ዋናው ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳታስገቢ።»

የመጀመሪያውን ሰማኋቸው። እዚያው ፊታቸው በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመጋቢት 23 የተላከልኝን የቅጥር ደብዳቤ ተቀብያለሁ። በተገለጸው ደመወዝና የሥራ መደብ ተስማምቻለሁ። ግንቦት 1 ሥራ ላይ እገኛለሁ።» ሰውዬው «እሺ በርቺ» ብሎ መለሰልኝ። ሁለቱ ቃላት፣ «እሺ በርቺ»፣ በኋላ ጉዳዬን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ሁለተኛውን ምክር ግን አልሰማሁም።

ያልሰማሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ። አዲሱ ድርጅት ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ክሊራንስ፣ ማለትም ከድሮው አሠሪ ያለ ዕዳ መለያየትን የሚያሳይ ወረቀት ነበር። የጤና ምርመራ፣ የአሻራ ምርመራ፣ ተያዥ እና ክሊራንስ። ክሊራንስ ደግሞ ካልለቀቃችሁ አይሰጣችሁም። እንግዲህ አስቡት። ዋናውን ደብዳቤ ለማግኘት ክሊራንስ ማምጣት አለብኝ፤ ክሊራንስ ለማግኘት መልቀቅ አለብኝ። እግሬን ከአንዱ ድንጋይ አንስቼ ሌላው ላይ ሳላሳርፍ ወንዝ መሐል መቆም ማለት ነው።

ዛሬ ቢሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ለአዲሱ ድርጅት «ክሊራንሱን ሥራ በጀመርኩ በዚህን ያህል ቀን አቀርባለሁ፤ እስከዚያ ቁጥርና ማኅተም ያለው የቅጥር ደብዳቤ ስጡኝ» ብዬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ብዙ ድርጅት ይህን ይቀበላል፤ እኔ አሁን የምሠራበት ተቀብሎኛል። እምቢ ካሉ ደግሞ ቢያንስ «ክሊራንስ ስታቀርቢ ትቀጠሪያለሽ» የሚል የተፈረመበት ወረቀት ይስጡኝ። እሱንም እምቢ ካሉ እዚያው ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

መልቀቂያዬን መጋቢት 25 አስገባሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በትክክል ሠርቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። እኔም 30 ቀኑን ጨርሼ፣ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ታስቦልኝ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ይዤ ነው የወጣሁት። ቸኩላችሁ ጥላችሁ አትውጡ። የድሮው አሠሪ ጋር በሰላም መለያየት በኋላ ምስክርም ይሆናል፣ ማስረጃም ይሆናል። ለእኔ ሆኖልኛል።

የጤና ምርመራውን ሸዋ ሮቢት አደረግሁ፤ አሻራ ሰጠሁ፤ ተያዥ ለመሆን አጎቴ ተስማማ። ሁሉንም ይዤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ሄድኩና አስረከብኩ። የተቀበለችኝ ልጅ ፋይል ውስጥ ከተተችው። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሰነድ ስታስገቡ የራሳችሁን ኮፒ ይዛችሁ ሂዱና ኮፒው ላይ «ገቢ» አስመቱበት፤ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። እኔን ያዳነኝ ክሊራንሱን አስቀድሜ በቴሌግራም ልኬላቸው ስለነበር ብቻ ነው። የክሊኒኩንም ደረሰኝ አልጣልኩትም ነበር።

ጠባሴ አካባቢ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየሁ። በወር 2,500፣ የሦስት ወር ቅድሚያ 7,500 ብር። አከራዬ ደግ እናት ናቸው። ግንቦት 1 ልደታ አይደል? ማለዳ ተነስተው ንፍሮ ጥደው ነበር። ስወጣ «በልደታ ቀን ሥራ መጀመር በረከት ነው፣ ማታ ንፍሮሽን ትበያለሽ» ብለው መርቀው ሸኙኝ።

በር ላይ ጥበቃው ስሜን ጠየቀኝ። ዝርዝሩን አየ። እንደገና አየ። ስልክ ደወለ። ብርዱ ጣቴን ያደነዝዘው ነበር። ብዙ ካቆየኝ በኋላ የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ ራሱ ወደ በሩ ወጣ። ወደ ውስጥ እንኳን አላስገባኝም። «ይቅርታ እህቴ፣ ከላይ ነው የመጣው። ቅጥሩ ለጊዜው ቆሟል። ሲከፈት እንደውልልሻለን» አለኝ። እኔም «እሺ» ብዬ ተመለስኩ።

«እሺ» ብዬ ተመለስኩ! ምንም አልጠየቅኩም። ለምን እንደቆመ፣ ማን እንደወሰነ፣ መቼ እንደተወሰነ። «እባክዎ ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ» አላልኩም። ማታ ንፍሮው ቀርቦልኝ እየበላሁ አለቀስኩ። አከራዬም አብረውኝ አለቀሱ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ያን ቀን ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ እዚያው ቆሞ በጽሑፍ መጠየቅ። አንሰጥም ካሉ ያኔውኑ መልእክት መጻፍ። «ዛሬ ግንቦት 1 በደብዳቤው መሠረት ሥራ ለመጀመር ቀርቤ ነበር፤ ቅጥሩ ቆሟል ተብዬ ተመልሻለሁ፤ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ሦስት መስመር ነው። ይህችን ሦስት መስመር ያልጻፈ ሰው በኋላ «አልቀረበችም፣ ራሷ ነው የቀረችው» ሊባል ይችላል። እኔ የጻፍኩት በአራተኛው ቀን ነው፤ ያውም እህቴ ተቆጥታኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት «ነገ ተመለሺ» ሆነ። አንዳንዴ ስልክ ያነሳሉ፣ አንዳንዴ አያነሱም። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ፤ ቦታዬ ተይዟል። አጎቴ ከደነባ ድረስ መጣ። «ሽማግሌ እንላክባቸው» አለ። ሁለት የተከበሩ አባቶች ይዞ ሄደ፤ ጥበቃው በትሕትና መለሳቸው። ድርጅት ሽማግሌ አይሰማም። በሽምግልና የሚፈታ ነገር አለ፤ ይህ ግን አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት «ሰነዶችሽን ውሰጂ» ብለው ጠሩኝ። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ሌላ ቦታ እወዳደርበታለሁ አልኩ። አንድ ወረቀት ሰጡኝና «እዚህ ላይ ፈርሚ» አሉኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ከጎን የተቀመጠችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንብቢው እንጂ እህቴ» አለችኝ። አነበብኩት። ሰነዶቿን ተረክባለች ይላል። ቀጥሎ «ከዚህ ቅጥር ጋር በተያያዘ በድርጅቱ ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ የላትም» ይላል። እጄ ቆመ። ከተተየበው በታች በእጄ «የተረከብኩት ሰነዶቼን ብቻ ነው፤ ሌላውን አልተስማማሁበትም» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ያቺን ልጅ እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

ያ ወረቀት ነው ያነቃኝ። መብት የሌላት ሰው ላይ «ጥያቄ የላትም» የሚል ወረቀት ማስፈረም ለምን ያስፈልጋል?

በዚያው ቀን ወደ ከተማው ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን በእጅሽ አለ?» ብሎ ነው። «ምንም የለኝም፣ ውል አልፈረምኩም» አልኩት። «ስልክሽንስ?» አለኝ። ቴሌግራሙን ከፍቼ ሰጠሁት። ፎቶውን አየ፤ መልእክቴን አየ፤ «እሺ በርቺ» የሚለውን አየ። «ታዲያ ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

ያን ቀን የነገረኝን፣ በኋላም የሕግ ሰዎች ያስረዱኝን በአጭሩ ላስቀምጥላችሁ። የሥራ ውል የግድ በወረቀት መፈረም የለበትም። አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 4 የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ለአሠሪው ለመሥራት ሲስማማ ነው ይላል። በአንቀጽ 5 ደግሞ ሕግ በተለየ ካላዘዘ በቀር ውሉ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነገሮችን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን አለማድረጉ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። እኔ «ውል የለኝም» ስል የነበረው ፊርማ ስላላየሁ ነው። ስምምነቱ ግን ነበረ። ሥራው ታውቋል፣ ደመወዙ ታውቋል፣ የሚጀመርበት ቀን ታውቋል፣ እኔም ተቀብያለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም እዚህ ላይ ይናገራል። የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው የመቀበያ ጊዜ ከወሰነ እስከዚያ ጊዜ በሐሳቡ ይገደዳል። ጊዜ ካልወሰነም ለተመጣጣኝ ጊዜ ይገደዳል። መተው የሚችለው መተዉ ሐሳቡ ሳይደርስ ወይም ከሐሳቡ እኩል ከደረሰ ነው። እናንተ ከተቀበላችሁ በኋላ «ትቼዋለሁ» ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ የሚፈርሰው ውል ነው። በተቃራኒው ዝም ማለት እንደ መቀበል አይቆጠርም። ስለዚህ ዝም አትበሉ፤ በጽሑፍ መልሱ። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «እቀበላለሁ፣ ግን ደመወዙ 11,000 ይሁንልኝ» ብላችሁ ከመለሳችሁ በሕጉ ዓይን የመጀመሪያውን አልተቀበላችሁም፤ አዲስ ሐሳብ ነው ያቀረባችሁት። መደራደር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ተደራደሩና በመጨረሻ ያለ «ግን» ተቀበሉ።

ውል ባይኖር እንኳን ሌላ በር አለ። ያው ሕግ ከውል ውጭ ኃላፊነት በሚለው ክፍሉ፣ ሐሳቡን ገልጾ ሌላውን ሰው ወጪ ውስጥ አስገብቶ ያለ በቂ ምክንያት የተወ ሰው ተጠያቂ ይሆናል ይላል። የቤት ኪራዬ፣ የአይሱዙ ጭነቴ፣ የጤና ምርመራዬ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ ነው ደረሰኝ አትጣሉ የምለው። የአይሱዙው ሹፌር ደረሰኝ አልሰጠኝም ነበር፤ ግን ገንዘቡን በሞባይል ባንክ ስለላክሁለት ታሪኩ ስልኬ ላይ ነበር።

ባለሙያው ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ በአንድ አንቀጽ መጣ፤ «ከአመልካቿ ጋር የተፈረመ የሥራ ውል የለንም»። ለማስማማት ሞከረ፤ አልሆነም። «ከዚህ በላይ እኔ ልፈርድልሽ አልችልም፤ የግል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት ነው የሚያየው። ቀኑን ግን አታሳልፊ» አለኝ።

ቀኑ የሚባለው ነገር ከባድ ነው፤ ተረጋግታችሁ አንብቡት። በአዋጁ «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። የደመወዝና ከውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር። ሌላ ልዩ ጊዜ ያልተቀመጠለት ደግሞ በ1 ዓመት። የእኔ ዓይነቱ ጉዳይ የትኛው ውስጥ ይገባል ብሎ መከራከር ይቻላል። በነፃ የመከረኝ ጠበቃ ግን «ክርክር ውስጥ ለምን ትገቢያለሽ? በ3 ወሩ ውስጥ አስገቢና ተገላገይ» አለኝ። ከሦስቱ ወር አንዱን ወር «እንደውልልሻለን» በልቶት ነበር። «እንደውልልሻለን» ሲሏችሁ ይርጋው እየቆጠረ መሆኑን አትርሱ።

ጠበቃ ለመያዝ ገንዘብ አልነበረኝም። ግን በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። እኔም እዚያ ነው ክሴ የተጻፈልኝ። በሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ እንደማይከፍልም ያወቅኩት እዚያ ነው። ፍርድ ቤት ማለት ገንዘብ ማለት ነው ብዬ ስፈራ የነበርኩት ሴት ፋይሌን በወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሳስከፍት የወጣብኝ የፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር።

ያ ጠበቃ ተስፋ ብቻ አልሰጠኝም፤ እውነቱንም ነገረኝ። የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር አለ። በጽሑፍ ከተስማማችሁ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ አሠሪው «ለሥራው ተስማሚ ሆና አላገኘኋትም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብት ይችላል። ስለዚህ «ዕድሜ ልኬን የምሠራበት ሥራ ቀረብኝ» ብላችሁ ትልቅ ገንዘብ አትጠብቁ። እኛ የያዝነው ክርክር እንዲህ ነው፦ ተስማሚ መሆንና አለመሆን የሚታወቀው ተሞክሮ ነው፤ በር ላይ የተመለሰች ሴት አልተሞከረችም። ጥያቄያችን ወይ ሥራ አስገቡኝ፣ ወይ የቀረብኝን ደመወዝና ያወጣሁትን ወጪ ክፈሉኝ የሚል ነበር። ደግሞ ጉዳቱን ለመቀነስ ሥራ እየፈለግሁ እንደነበር ማሳየት እንዳለብኝ ነግሮኝ ያመለከትኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ መዝግቤ ያዝኩ። እጃችሁን አጣጥፋችሁ ከተቀመጣችሁ ዳኛ ፊት ይጎዳችኋል።

መጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ድርጅቱ ሦስት ነገር አነሳ። ውል አልተፈረመም። ደብዳቤው ማኅተምና ቁጥር የለውም። ብትቀጠርም በሙከራ ላይ ነበረች። ዳኛዋ ፎቶውን ከነመልእክቶቹ ታትሞ አዩት። ከማን ስልክ እንደተላከ ጠየቁ። የድርጅቱ ነገረ ፈጅ የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ስልክ መሆኑን አልካደም። «መልእክት ማስረጃ አይሆንም» ለማለት ሞከረ፤ የእኔ ጠበቃ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን ጠቀሰ። አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። የድሮ አሠሪዬም ለምን እንደለቀቅኩ በደብዳቤ አረጋገጠልኝ።

ስልካችሁን ብትቀይሩ፣ ቴሌግራማችሁን ብታጠፉ፣ ሌላው ወገን መልእክቱን ለሁለታችሁም ቢሰርዘው ምን ይተርፋችኋል? ስክሪንሾት አንሱ። ለእህት ወይም ለጓደኛ ላኩት። የላከው ሰው ስልክ ቁጥርና ቀኑ አብሮ ይታይ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ዳኛዋ «ብትስማሙ» ብለው ዕድል ሰጡን። ኮሪደር ላይ ነው የተስማማነው። የሁለት ወር ደመወዝ 19,000፣ የቤት ኪራዩ 7,500፣ ለጭነቱና ለምርመራው 2,900፤ በድምሩ 29,400 ብር። እስከ ፍርድ ብገፋ ሊበልጥም ሊያንስም ይችል ነበር። ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክርን በ60 ቀን እንዲወስን ያዛል፤ ይግባኝ ግን አለ፤ እኔ ደግሞ ያኔ የአከራዬን ፊት ማየት አፍሬ ነበር። የተስማማሁበትን አልጸጸትም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ያዝኩ፤ ስምምነቱ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር። የድርጅቱ ሰው «በመካከላችን ይለቅ፣ ነገ መጥተሽ ትወስጃለሽ» ብሎ ነበር። በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ባይከበር እንደ ፍርድ ይፈጸማል። በቃል የተሰጠ «ነገ» ምን እንደሆነ ደግሞ ተምሬዋለሁ።

ሁሉም ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም። የቀጠራችሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ የሚገዛው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ አቤቱታውም የሚቀርበው ሌላ ቦታ ነው። በሥራ መሪነት የተቀጠረ ሰውም በአዋጅ 1156 አይሸፈንም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚከራከረው። የደብዳቤው ቃል «የጤና ምርመራ ውጤት ሲሟላ» ወይም «ተያዥ ሲቀርብ» ካለና እናንተ ያንን ካላሟላችሁ ነገሩ ይለያያል። ስለዚህ የተጠየቃችሁትን በጊዜው አሟሉ፤ ማሟላታችሁንም አስመዝግቡ። ቅጥሩ የተተወው በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ከሆነ ደግሞ ይህ በራሱ የተከለከለ ነው። «ነፍሰ ጡር መሆንሽን አልነገርሽንም» ተብላ የተመለሰች ሴት ካለች ዛሬውኑ የሕግ ሰው ጋ ትሂድ።

ባለፈው ጥር የአጎቴ ልጅ ከመሐል ሜዳ ደወለችልኝ። ደብረ ብርሃን ሥራ አግኝታለች፤ ድምፅዋ ከደስታ ብዛት ይቆራረጥ ነበር። ደብዳቤውን በቴሌግራም ልከውላታል። ደስ ብሎኝ መረቅኳት። ከዚያ «ቁጥር ከሚለው ፊት ምን ተጽፏል?» አልኳት። ዝም አለች፤ ስልኩን አንስታ እያየች ነበር። «ባዶ ነው እትዬ» አለችኝ። «እንግዲያው አሁን ተቀብያለሁ ብለሽ ጻፊላቸው። ዋናውን ከነቁጥሩና ከነማኅተሙ እንዲሰጡሽም ጠይቂ። መልቀቂያሽን ግን እስከዚያ ከቦርሳሽ እንዳታወጪ።» ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዋናው ደብዳቤ በደብረ ብርሃን መኪና ተላከላት። ፎቶውን ስትልክልኝ በጣቷ ቁጥሩን እያሳየች ነበር ያነሳችው።